የሐሙስ ደብተር

ከባሕር ዳር ዘጌ ሰው አመላልሳለሁ፤
ጣና ሊቆጣ ሲል ከሽታው አውቃለሁ።
ልጄ ሲቆጣ ግን፣ የገዛ እጁን ነክሶ፣
ራሱን ከግንቡ ጋር አጋጭቶ መልሶ፣
ነፋሱ ከየት ነው? ማን ነው የሚነግረኝ፣
ቃል የሌለው ልጅ ነው፣ በዓይኑም አያየኝ።

ናሁሰናይ ስሙ። ስምንት ዓመት ሞላው።
ቆርኪ መደርደር ነው የዕለት ሥራው፤
የቢራ፣ የለስላሳ፣ ቀይ በቀይ፣ ቢጫ በቢጫ፣
አንዷን ብታነሣ የዚያን ቀን የለህም ማምለጫ።
የባጃጅ ጡሩምባ ሲሰማ ጆሮውን ይይዛል፤
እርጥብ ደንገል ሲያገኝ ግን ያሸታል፣ ይስቃል፣
ጉንጩ ላይ ያደርጋል።

ስንት በር አንኳኳሁ፣ ስንት ተራ ጠበቅሁ፣
በየመስኮቱ ሥር ካርድ እያወጣሁ፣
ታሪኩን እንደ አዲስ ጀመርኩት ከሀሁ።
«መቼ ዳኸ? መቼ ቆመ? አፉንስ መቼ ፈታ?»
አልፈታም እላለሁ። ይጽፋል። ሌላው፣ ሌላ ቦታ፣
ያንኑ ይጠይቃል።
አንዱ «ጆሮው ነው» ይላል፤ አንዱ «ሲያድግ ይተወዋል»፤
አንዱ የእንቅልፍ ሽሮፕ፤
አንዷ ደግሞ ቀስ ብላ፣ «ጠበል ሞክራችኋል?»
ሞክረናል። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ጮኸ። አቅፌው ወጣሁ።
በኪሴ ሰባት ካርድ፣ ሰባት ዓይነት ቀለም፤
አንዱ ልጄ ግን ከሰባቱም ውስጥ የለም።

አንዲት ዘንግ ደንገል ወፍ ብቻ ትችላለች፤
አምሳው ሲታሰር ግን ታንኳ ትሆናለች፣
እንጨት ጭና፣ ሰው ጭና፣ ማዶ ትደርሳለች።
ሲስተር ይታክቱ ይህን አላለችኝም፤ ምሳሌ አትወድም።
ያለችኝ፦ «ሐሙስ በሦስት ሰዓት ና። አንተ ብቻ ና።»

ከጤና ጣቢያው ጓሮ፣ ጠባብ የክትባት ክፍል፤
ወንበር አልበቃ ብሎ ካርቶን ላይ ተቀምጠዋል፦
የጥርስ ሐኪሙ አዝመራው፣ የልጄ መምህርት ፈንታነሽ፣
ከዘጌ የመጣች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣
በስልክ ደግሞ ከጎንደር አንድ የአእምሮ ሐኪም፣
ድምፁ እየተቆራረጠ።
መሐላቸው አንድ ደብተር። ሰማያዊ፣ የተማሪ።
እንደ ተከሳሽ ቆምኩ። «ተቀመጥ» አሉኝ።
እስክሪብቶ ሰጡኝ።
«እኛ ኦቲዝምን ተምረናል፤
ናሁሰናይን የምታውቀው አንተ ነህ። ጻፍ።»

እጄ መሪ እንጂ እስክሪብቶ አልለመደም። ጻፍኩ፦
«ከመንካታችሁ በፊት ‹ልነካህ ነው› በሉት።
መብራት አታብሩበት። ቆርኪውን አትውሰዱበት።
እርጥብ ደንገል ስጡት። ከጮኸ አትጩኹበት።»

በሁለተኛው ሐሙስ አዝመራው መብራቱን አጠፋ፣
ወንበሩን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ሐይቁ ገፋ፤
ጋውኑን አወለቀ፣ ቆርኪ ደረደረ መሬት ላይ፤
«ልነካህ ነው፣ ናሁሰናይ።»

ልጄ አፉን ከፈተ።
ከኋላ፣ ከታች፣ በግራ፣ የበሰበሰ ጥርስ።
ስምንት ወር ሙሉ እብደት ያልነው፣
አጋንንት ያልነው፣ በሽሮፕ ያስተኛነው፣
የጥርስ ሕመም ነው።
ለእናቱ ስነግራት ከወለሉ ላይ ቆርኪ ለቀመች፣
በቀሚሷ ያዘች፣ ምንም አላለች።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ።
እኛ አንበሳ አላሰርንም፤ አንድ ጥርስ ነቀልን።
በዚያች ሌሊት ግን ልጄ ተኛ።
እኔ ነኝ ያልተኛሁ፤ ጸጥታውን ስሰማ አደርኩ።

አልተናገረም። አሁንም አይናገርም። ልንገራችሁ፤
ተአምር ከጠበቃችሁ፣ ይቅርታ፣ አሳዘንኳችሁ።

ትናንት ሐሙስ ነበር። መብራት ጠፋ፣ ስልኩ ዝም፤
ጎንደር የለም፣ ዘጌ የለም፤ ኔትወርክ የለም።
ይታክቱ ደብተሩን በፌስታል ጠቀለለች፣
ውሃ እንዳይነካው ሁለት ጊዜ አሰረች፤
«ዘጌ አንዲት ልጅ አለች፣ አምስት ነው ዓመቷ፤
ውሃ ባየች ቁጥር ትሮጣለች፤ አልተኛችም እናቷ።
አድርስልኝ።»

ደረቴ ውስጥ ከተትኩት፣ ሞተሩን አስነሣሁ።
ነፋስ ነበር፣ ትንሽ።
ናሁሰናይ ከፊት ተቀምጧል፣ ጥጥ በጆሮው፣
ደንገሉን ጉንጩ ላይ አድርጎ።
ማዶ፣ ከወደቡ፣ አንዲት ሴት
ልጇን በነጠላዋ ከወገቧ ጋር አስራ ቆማለች።
ገመድ ሳልጥል፣ ገና ከውሃው ላይ ሆኜ፣
«ከሀሁ አትጀምሪ» አልኳት።