ጉዳዩ፦ ዕረፍት ስለመጠየቅ

ከራስ መኮንን ድልድይ አፋፍ፣ ከቆርቆሮው አጥር ጓሮ፣
አጎቴ ልሳነወርቅ ተጋድሟል፣ ትራሱን ሦስት ደርድሮ።
ሁለቱ ይበቁት ነበር፤ ሦስተኛው ከአልጋዬ የመጣው
ባለፈው ሐሙስ ነው፣ ሳሉ እየደጋገመ ሲያነቃው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከማዘጋጃ ቤት ደጅ፣
ዣንጥላ ዘርግቶ፣ ባለ ሦስት እግር ዱካ ላይ፣
የሰው አቤቱታ ጽፏል፤ የድንበር፣ የውርስ፣ የልጅ፣
የተቋረጠ ጡረታ፣ የጠፋ ካርታ ጉዳይ።
ቃል ያጠረው ሁሉ እርሱ ዘንድ ይሰለፍ ነበር።

ጥቁር አንበሳ ኮሪደር፣ ሐኪሟ ድምጿን ዝቅ አድርጋ
"ከእንግዲህ ይሻለዋል" አለች፣ "የገዛ ቤቱ አልጋ።"
እናቴ ታክሲ ሳንይዝ አስማለችን፦
"ስሙን እንዳትጠሩበት!"
እንግዲህ ጨጓራ ነው አልን።
ጎረቤት ሲጠይቅ፣ ጨጓራ። እርሱ ሲጠይቅ፣ ጨጓራ።
ጨጓራ ግን ሰውን እንዲህ አይሸርፍም፤
ቀበቶው በምስማር አራት ጊዜ ተበሳ፣
የእጅ ሰዓቱ ከአንጓው አልፎ
እስከ ክርኑ ይንሸራተታል።

በየአራት ሰዓቱ ስልኬ ትራሴ ሥር ይንቀጠቀጣል።
ሞርፊኑን መርፌ በሌለው ሲሪንጅ እቀዳለሁ፤
አምስት ነበር፤ ሰባት ተኩል ሆነ፤ ዛሬ ዐሥር።
አንሶላውን ከጎህ በፊት አጥባለሁ፣ ሰው ሳያየው።
ስቀይርለት ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፣
እኔም ሬዲዮኑን ከፍ አደርጋለሁ።
ማን እንደሚያወራ ሁለታችንም አንሰማም።

አንዳንዴ እናደድበታለሁ። ይኸው፣ ጻፍኩት።
በቀደም ማንኪያውን ገፍቶ ሾርባው ቀሚሴ ላይ ሲፈስ
"እንግዲያው ተወው!" ብዬ በረንዳ ወጣሁ።
ከድልድዩ በኩል የታክሲ ረዳት ይጮኻል፦
"አራት ኪሎ! አራት ኪሎ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!"
ያ አንድ ሰው እኔ በሆንኩ ብዬ ተመኘሁ።
ታክሲው ሞልቶ ሄደ።
ገብቼ ሾርባውን አሞቅሁለት።

ትናንት ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ፣ በስልኬ ጭላንጭል፣
"ወረቀት አምጪ" አለኝ። "ጻፊ።"
"ለማን?"
"ለሚመለከተው። ቀኑን ከላይ በቀኝ። ኅዳግ ተዪ፤
ኅዳግ የሌለውን ማመልከቻ ዳኛም አያነበው።

ጉዳዩ፦ ዕረፍት ስለመጠየቅ።
ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው፣ እኔ አመልካች
ስድሳ ስምንት ዓመት ያለ ቅጣትና ያለ ዕድገት አገልግዬ፣
ባደረብኝ ሕመም ምክንያት..."

ቆም አለ። አተነፋፈሱን ጠበቅሁ።
"ጨጓራ ብለሽ እንዳትጽፊ ብቻ።
ሐሰተኛ ማስረጃ ማቅረብ ያስጠይቃል።"
ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤
ጀርባውን ደግፌ ያዝኩት፤ መዳፌ ሥር
የጎድን አጥንቱ እንደ መሰላል ሆነብኝ።
"ስሙን ጥሪው" አለኝ ሲረጋጋ። "አንቺ ጥሪው።"

ጠራሁት። አራት ፊደል ነው።
ግድግዳው አልፈረሰም።

"በይ እሱን ጻፊ። ግልባጭ፦ ለእህቴ ለወይዘሮ ትርንጎ።
ኧረ ተይው፣ ግልባጩን ሰርዢው።
እኔ እንደማውቅ አትንገሪያት፤
የደበቀችኝ እየመሰላት ትጽናና።
እንግዲህ መዝጊያው፦ ለሚደረግልኝ ትብብር በቅድሚያ..."

እዚያ ላይ እንቅልፍ ወሰደው።
ለፊርማው ቦታ ትቼ አጠፍኩት፣
ከመድኃኒቱ ካርቶን ሥር ከተትኩት።

ጠዋት እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ፣
"ጨጓራህ እንዴት አደረ?" አለችው።
እኔን አየኝ። ከዚያ እርሷን።
"ዛሬስ ቀለል ብሎኛል፣ ትርንጎ።"
"ተመስገን" አለች፤ ነጠላዋን ወደ ዐይኗ ወሰደች።
እኔም ያላየሁ መሰልኩ።

ማክሰኞ ነው። ጓሮ ያለው ቧንቧ አንኮራፋ፣ ተፋ፣ ፈሰሰ።
ሁለቱን ጀሪካን ይዤ ሮጥኩ።