ነክቶኛል

አቶ ዘርጋው በመጋዘኑ መስኮት ብቅ ብሎ ይቆጥራል፤
ቅጹ ሦስት ኮፒ ነው፣ ካርቦኑ ጣት ያጠቁራል።
"መረብ፣ አንድ፤ የተቀደደ።
ፊሽካ፣ ሁለት፤ አንዱ ድምፁ የከዳው።
የኳስ መንፊያ፣ አንድ፤ መርፌው የጎበጠ።
ኳስ፣ አሥራ ሁለት... አሥራ አንድ። አንዱስ የት አመለጠ?"

አሠልጣኝ ነዚፋ አባዱራ፣ ሃያ ስድስት ዓመት
በዚህ ግቢ ፊሽካ የነፋች ሴት፣
ለጡረታዋ ክሊራንስ ልትፈርም
እንደ ተማሪ ቆማለች፤ አትቸኩልም፣ አታጉረመርም።

እኔ የማውቃት ከታች ነው፣ ከተጠባባቂ ወንበር።
(ወንበር ስል፣ ከሂርማታ አናጢ የተገዛ
ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነበር።)

ተጫውታለች፣ ለመንገድ ሥራ ቡድን፣ ቁጥሯ አራት፣
ማልያዋ የወንዶቹ ትራፊ፣ ትከሻው የሰፋባት።
አቀባይ ነበረች። አቀባይ ማለት
ሁለተኛውን ንክኪ ወስዳ ለሦስተኛዋ የምታሰናዳላት፤
ጭብጨባው ለመቺዋ ነው፣
ለሷ የሚተርፋት የጣት ቁርጥማት።

በሰባ ስምንት፣ አጋሮ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ፣
ነጥብ ለለጋ ወገን ብቻ በሚቆጠርበት፣ በድሮው ሕግ፣
የፍጻሜው አምስተኛ ዙር። ኳሱ ከማዶ ተመትቶ
በመረቡ አናት ሾልኮ አረፈ፣ ከመስመሩ ውጪ ወጥቶ።
ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፣ እጁን ወደኛ ዘረጋ፤
ገልባጭ መኪናችን ጥሩምባውን ለቀቀ፣ ሰዉ ወደ ሜዳ ተንጋጋ።
ነዚፋ ብቻ ካለችበት አልተነቃነቀች። ቀኝ እጇን አነሳች።
"ነክቶኛል" አለች።
የትንሿን ጣቷን ጫፍ አሳየች።
ማንም አላየም፣ የመስመር ዳኛው እንኳ። የመሰከረች ጣቷ ነች።

ሰርቩ ወደ ማዶ ተመለሰ፤ ዋንጫውም ሰርቩን ተከተለ።
እስከ ጅማ ድረስ በገልባጩ ላይ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለ።
እሷ ጠርዙን ይዛ፣ ለብቻዋ ቆማ፣
የመንገዱን ዝናብ ጠጥታ ገባች ጅማ።

እኛ ኮሌጅ ስንገባ ይሄ ተረት ሆኖ ጠበቀን።
"አልቆጨዎትም?" ብለን አንድ ማታ ጠየቅን፤
ስለ እውነት ምክር ብጤ ስንጠብቅ፣
"እንዴት አይቆጨኝ?" አለች። "አንዳንድ ሌሊት ያነቃኛል።
ዋንጫው አጋሮ፣ ከአንድ ቢሮ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ሳልፍ ያየኛል።
በሉ ተነሱ፣ ሰጋቱራ አምጡ፣ ሜዳው ረጥቧል።"

ሰጋቱራ! የኛ ሥልጠና ግማሹ እሱ ነው።
ከአናጢዎቹ ሠፈር በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክመን፣
ጭቃው ላይ በትነን፣ በጉልበታችን ወድቀን፣
ማታ ዋንዛ ዋንዛ እየሸተትን ገባን።
"ኳስ እንግዳ ነው፤ እንግዳ አይታሰርም" ትለናለች፣
"ተቀብላችሁ ሸኙት።" ትንሿ ጣቷ እንደ ጎበጠች
ወደ ሰማይ ታመለክታለች።

እኔን ግን ሦስት ዓመት ሙሉ፣ "መፍቱሃ፣ ግቢ" አላለችኝም።
ከዴዶ ቡድን ጋር በገጠምን ዕለት እንኳ፣ ሦስት ልጅ አሟት፣ አላየችኝም።
ሲመሽ፣ ሁሉ ሲሄድ፣ አንድ ኳስ ከከረጢቱ አወጣሁ፤
ከአጥሩ ጥግ ቆሜ ወደ አዌቱ ለጋሁ።
ወንዙ በክረምት ጠግቧል፤ ተቀብሎ ሸኘው፣
ወደ ቦዬ፣ ወደ ጉማሬዎቹ ወሰደው።
በዕድሜዬ ያማረው ሰርቤ ያ ነበር፤
ካንዲት ቁራ በቀር ያየው አልነበረም።

"ከደሞዝ ይቆረጣል" አለ አቶ ዘርጋው።
"ይቆረጥ" አለች፤ እስክሪብቶውን ያዘች
በዚያች በጎበጠች ጣት።
ከኋላዋ ቆሜያለሁ፣ የመሸኛ ጋቢዋን ታቅፌ፤
ዛሬ አስተማሪ ነኝ፣ የሁለት ልጆች እናት።
እጄ ከጋቢው ስር ወጣች፣ ሳላዛት።

"ነክቶኛል" አልኩ።

"ምኑ?" አለ ዘርጋው፣ ማኅተሙን አንጠልጥሎ።
እሷ ዞረች። ብዙ አየችኝ።
ከሃያ ዓመት በፊት በነበረው ድምፅ፣
"ክንድሽ" አለች፣ "ሙሉ ተዘርግቶ ነበር?"