ለሺህ ፊደል ሦስት ላሪ

ሪዮኒ ደፍርሷል፤ ኩታይሲ ዘንቦባት፣
ፒክሪያ፣ ከአራተኛው ፎቅ፣ መስኮቱ ጠቦባት፣
ፍራሽ ትጽፋለች።
ትናንት መጥበሻ ነው፤ ከትናንት ወዲያ ጎማ፤
ለነገ የታዘዘው ጫማ።

ሃያ ስድስት ዓመት ጋዜጣ አራሚ ነበረች፣
በማተሚያው ምድር ቤት ቀለም ቀለም እየሸተተች።
አንዲት ነጠላ ሰረዝ ቦታዋን ብትስት፣
ስልክ ትመታ ነበር በእኩለ ሌሊት፦
«ይቅርታ አዘጋጁ፣ ሦስተኛው ዓምድ ይታይልኝ፣
በሰረዟ ጥፋት ሟቹ ቀባሪ ሆነብኝ።»

ጋዜጣው ሲዘጋ መሸኛ ሰጧት፤
የግድግዳ ሰዓት፣ አንድ ደርዘን ቀይ እርሳስ።
ሰዓቱ ቆሟል። እርሳሱ ግን አላለቀም፤
ስሕተት ጠፍቶ አይደለም፣
ለማረም የሚከፍል የለም።

ቫጃ የሚሉት ልጅ፣ ሱቁ ስልክ ውስጥ ያለ፣
በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አላት፣ ዓይኑን ሳያሽ፦
«አንባቢሽ ሰው አይደለም። ማሽን ነው የሚያነብሽ፤
እሱ ቀድሞ ይጥገብ፤ ሰው ከኋላ ይመጣል።
‹ርካሽ ፍራሽ ኩታይሲ› ብለሽ አሥራ አንድ ጊዜ ጥሪ፤
ለሺህ ፊደል ሦስት ላሪ።»

ጠራች።
ዳዊት ደጋሚ እንኳ እንዲህ አይደግምም።
በፊደል ሲከፈል ቃል ውኃ ይጠጣል፣
ሚዛን እንዲደፋ እንደራሰ በርበሬ።
«ጥሩ» ብሎ ማለፍ ኪሳራ ነው ለካ፤
«እጅግ በጣም ጥሩ» ዳቦ ይገዛል።

ፊደላቸው ክብ ነው፣ ሠላሳ ሦስት ናቸው፤
ጠን፣ ቀን፣ ጨን፣ እንደኛው፣ ጉሮሮ ላይ የሚያፈነዱ አሏቸው።
ደንበኞቿ ግን በሰው አገር ፊደል ነው የሚጽፉላት፣
ቀው ከካ ተዳብሎ፣ ጠው በታ ተውጦባት፤
ጥርሱን እንዳወለቀ ሽማግሌ
እየገመተች ነው የምትሰማቸው።

አንድ ሌሊት፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ፣
አሥራ አንዱን ጥሪ ጨርሳ ብትቆጥር
ሠላሳ ፊደል ጎደላት ሺህ ለመድረስ።
አልጋዋን ዞር ብላ አየች፣
ሻልቫ ይተኛበት የነበረውን ጎን።
ለመሙያ ያህል ጻፈች፦
«ከጎንዎ የነበረው ቢነሣም፣ ቦታው እስኪነጋ ይሞቃል።»

ፍራሹ በሳምንት አለቀ።
አንድ አዛውንት ከጽቃልቱቦ በሚኒባስ መጣ፣
ከመጋዘኑ ደጅ ቆሞ ስልኩን አወጣ፤
«ይህችን የጻፈ ማን ነው?»
ቫጃ «ሲስተሙ ነው» አለው።

በማግስቱ ትእዛዝ ሆነ፤ ዕቃው ሁሉ ላይ ትግባ!
መጥበሻው፣ ጎማው ላይ፣ የሕፃን ጋሪው ላይ።
«ከጎንዎ የነበረው ቢነሣም» አለ ማቀዝቀዣው፣
«ቦታው እስኪነጋ ይሞቃል።»
ለተደገመ ፊደል ክፍያ የለም።

የባቱሚ ሱቅ ሰረቃት፤ ከእሱ ሌላው ሰረቀ፤
ቱርክኛ ተማረች፤ ስትመለስ
«ቦታው» የነበረው «ዋጋው» ሆኖ፣
እስኪነጋ ይሞቃል።
ፒክሪያ ይህን ስታነብ ሳቀች፤
ከዚያ ላፕቶፑን ከድና ድንች ላጠች።

ክረምቱ ሲገባ፣ ነጩ ድልድይ አጠገብ፣
ከአውቶብስ ማቆሚያው ምሰሶ ላይ፣ በዝናብ፣
የሬሳ ሣጥን ሠሪ ማስታወቂያ አገኘች፤
ከስልክ ቁጥሩ በላይ የራሷ ቃል ሰፍሯል፣
«ከጎንዎ የነበረው ቢነሣም ቦታው እስኪነጋ ይሞቃል»።
ሁለቴ አነበበችው።
አውቶብሱ መጣ፤ አልተሳፈረችም።
ቦርሳዋን በርብራ ቀዩን እርሳስ አወጣች፣
ከ«ቢነሣም» ኋላ፣ ወረቀቱ እንዳይቀደድ በስሱ፣
አንዲት ጭረት ጣለች።

ጃንጥላ የያዘች ልጅ ታያት ነበር፦
«የእርስዎ ነው?»

«ሰረዟ» አለች።