አዲስ እርጅና

ሃርለም፣ ከወንዙ ዳር፣ ከድልድዩ በታች፣
ጋራዥ የነበረች አንዲት ሱቅ አለች፤
ከበሯ ላይ ጽሕፈት፣ በወርቃማ ቀለም፦
«የቅኝ ግዛት ዘመን የሳሎን ህልም»።
እኔ ከጓሮዋ፣ ከማሞቂያው አጠገብ፣
ወንበር አስረጃለሁ ለዕለት ምግብ።

እንጨቱ ለጋ ነው። ባለፈው ጥቅምት ነው
በኮንቴይነር ሆኖ ከጃቫ የመጣው፤
ዘይቱ ገና ይሸታል፣ አልረጋም አንጓው።
በሰንሰለት ልምጭ ጠርዙን እገርፋለሁ፣
በመርፌ ወግቼ ብል የበላው አስመስላለሁ፤
የክርን አሻራ ክርን ያልነካውን፣
የብርጭቆ ጠባሳ ጠጪ የሌለውን፣
ሁሉን እፈጥራለሁ። ሦስት ሰዓት ይበቃል፤
ምሳ ሳልበላ ወንበሬ መቶ ዓመት ይሞላል።

በመጨረሻ ሰም። በጨርቅ እያዞርሁ፣
እንደ ፈረስ ገላ እስኪወዛ አሻለሁ።
ባገሬ ሰም ሲሉት ወርቅ ይፈለጋል፤
እዚህ ሰሙ የኔ፣
ወርቁን አለቃዬ ዊልኮ ይቆጥረዋል።

አንድ ቀን ስገለብጥ፣ ከመቀመጫው ስር
በእርሳስ የተጻፈ ስም አገኘሁ፦ «ሱኪር»።
ቀጥሎ አርባ አንድ ይላል፣ ከዚያ ደግሞ መስመር።
የቀን ሥራው ይሆን? ወይስ የዱቤ ብር?
አላጠፋሁትም። እርሳስ ተበደርሁ፤
ከጎኑ በፊደል «ሻንካ» ብዬ ጻፍሁ።

ማክሰኞ። የወይዘሮ ሃኔከ ቤት ሦስተኛ ፎቅ፣
ደረጃው ጉሮሮ ነው፣ ዕቃ የሚያንቅ፤
ከጣሪያው ጫፍ መንጠቆ ላይ ገመድ ጥለን
ወንበሩን በአየር ሰቀልን፤
ከቦዩ በላይ ሲሽከረከር
አንዲት ዳክዬ ቀና ብላ አየችን።

ውስጥ፦ ዘንባባ በማሰሮ፣ የጣሪያ ማራገቢያ፣
(ውጭ ሕዳር ነው፣ በረዶ ያዘለ ካፊያ)፤
አልጋው ላይ አጎበር፣ ነጭ፣ እንደ ሙሽራ ልብስ፣
ትንኝ በሌለበት፣ ወባ በማይደርስ።
አርባ ምንጭ፣ እኛ ሰፈር፣ ጤና ጣቢያ ያደለን አጎበር
ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠምድ ነበር፤
እኛ ዓሣውን ያዝን፣
ወባዋ ደግሞ እኛን።

ሴትዮዋ ደግ ናት። ጡረታ የወጣች የጥርስ ሐኪም።
«የአያቴን ሳሎን ይመስላል» አለችኝ፤ አይታው አታውቅም፤
ፎቶ ነው ያላት። አሳየችኝ፦ ወንበር፣ ረጅም ክንድ ያለው፣
ነጭ የለበሰ ሰው እግሩን የሰቀለው፤
ከኋላው ሌላ ሰው፣ ትሪ ይዞ፣ ቆሟል፤
አንገቱ ላይ ሲደርስ ፎቶው አልቋል።

«እስቲ ከወንበሩ ኋላ ይቁሙልኝ» አለችኝ፣
«የመብራቱን ቁመት ልለካ»።
ቆምሁ። የብሎን ትሪዬን እንደያዝሁ።
መስተዋቱ አሳየኝ።
እሷንም አሳያት። ሜትሯ እጇ ላይ ቀረ።
ዝናቡ ብቻውን ትንሽ ተናገረ።

«ይቀመጡ» አለች።
ተቀመጥሁ። ሲጥ አለ፣ ለጋ ድምፅ አለበት፤
መቶ ዓመቱ ነው፤ እስካሁን ማንም አላረፈበት።
ጀርባዬ ወደ ኋላ ሄደ። ያኔ ገባኝ፦ ይህ ወንበር
ለሚጠራ ሰው እንጂ ለሚነሳ አልተሠራም ነበር።

ሻይ አመጣችልኝ። ክንዱ ላይ ስታኖር ፈሰሰ፤
ከሠራሁት ክብ ጎን ሌላ ክብ ለበሰ።
«ወይኔ፣ አበላሸሁት!» አለች። «ኧረ አይደለም፤
ገና ማርጀት ጀመረ» ማለቱ አልመጣልኝም
በሆላንድኛ።
ከስሩ ስላለው ስምም አልነገርኋት፤
ሻዬን ብቻ ጠጣሁላት።

ማታ፣ ዊልኮ ሒሳብ ሲጽፍ፣ በዚያ በወርቃማ ቀለም፣
«አንዱን ክብ አትቁጠር» አልሁት፤ «የኔ ሥራ አይደለም»።