አንዲት «የ»

ድንበሩ የተዘጋ ጊዜ፣ ጂብራልታር ላይ፣
ሰው ዘመዱን የሚጠይቅ በሽቦ አጥር ነበር፣ እየጮኸ፣ ፀሐይ ላይ።
አንዱ ጨቅላ ያነሣል፤ «እይው! ጥርስ አበቀለ!»
ሌላው በጣቱ ይቆጥራል፣ ማን ሞተ፣ ማን አለ፤
ከምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ከየጩኸቱ መሐል
ግማሹን ነጥቆ ባሕር ውስጥ ይጥላል።

አንድ እሑድ ከማዶ አክስት ሬሜዲዮስ
መዳፏን አፏ ላይ አጥፋ
አንድ ዐረፍተ ነገር ወረወረች፤
ስለ ጎረቤቷ ነው፣ ስለ ጎረቤቷም ሴት ልጅ፤
ከሁለቱ አንዷ ታማለች።
የትኛዋ?
የቀረውን ነፋስ በላው።

እናት፣ በስፓኒሽ የምትጸልይ፣ በስፓኒሽ የምትራገም፣
«ልጅቷን ነው» አለች፣ ነጠላ ጫማዋን ሳትቀይር ሻማ ልታበራ ሄደች።
ሉርደስ፣ የዐሥራ ሦስት ዓመት፣ የእንግሊዝኛ ተማሪ፣
«ኧረ እናትየዋን ነው! ሕመሙ እኮ ለእሷ ይቀርባል» ብላ ተሟገተች።
የሰሙት አንድ ቃል ነው፣ በአንድ ነፋስ፣ ከአንድ አጥር፤
ማታ ለሁለት ሰው ተጸለየ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር።

ሉርደስ ዛሬ አከራዬ ናት።
ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ባቄላ እየፈለፈለች ነው ያወራችኝ።
«አሁንስ ብትሰሚው?» አልኳት።
«ጠዋት ከባንክ ስመለስ ከሆነ፣ እናትየዋ።
ማታ ከእህቴ ጋር በስልክ ስንጨቃጨቅ አምሽቼ ከሆነ ግን
ልጅቷ ትታመምብኛለች።»

«ድንበሩ ሲከፈት አልጠየቃችሁም?»
«ጠየቅን እንጂ። ሬሜዲዮስ ግን አልነበረችም።»
አንድ ፍሬ ባቄላ አምልጧት ደረጃውን ወረደ፤
ሁለታችንም በዓይን ሸኘነው።

«በናንተስ?» አለችኝ። «በናንተ ቋንቋ የታመመችው ማን ናት?»

ቀላል መስሎኝ አፌን ከፈትሁ።
«የታመመችው...» ብዬ ቆምሁ።
በኛ ቤት ሕመሙ ይቀድማል፣ ባለቤቱ ኋላ ይመጣል፤
መሐል ላይ አንዲት «የ» አለች፣ ከትንፋሽ የማትከብድ፣
እሷ ናት አልጋውን የምታነጥፍ።
«የታመመችው ጎረቤቴ ልጅ» ብል፣ እናት ተኛች፤
«የታመመችው የጎረቤቴ ልጅ» ብል፣ እናት ተነሥታ ልጅ ተኛች።
ሁለቱን አዳብዬ ልል አልችልም፤
የሚያሳብቡበት ነፋስም ዛሬ የለም፣
አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ባንዲራው ተንጠልጥሏል፣ ዝም።

«እ?» አለች ሉርደስ፣ ጎድጓዳ ሳህኑን ጭኗ ላይ አስተካክላ።

«የ»ዋን ምላሴ ጫፍ ላይ እንደ ያዝኋት ነኝ፤
እስክናገር ድረስ
ማንም አልታመመም።