ካቻቢቴና ጆሮ

ሻርጃ፣ ሰናያ አሥር፣ ከጎማ ቤቱ ጎን፣
ጥላ ራሱ ወጥቶ ጥላ ሲለማመን፣
ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ በከፈትኩት ኮፈን
ስሰማ ኖሬአለሁ የብረት ሳል፣ የብረት ሐዘን።

ሙያዬን ያገኘሁት ሶማሌ ተራ ነው፣ ገና በልጅነቴ፤
ጫፉ ከሞተሩ፣ እጀታው ከጆሮ፣ አንዲት ካቻቢቴ።
«ዝም በል!» ይለኝ ነበር አለቃዬ ጋሽ ሽኩሮ፤
«ዓይን ቀለም ያያል፤ በሽታን የሚያውቀው ያልተኛ ነው ጆሮ።»

ቫልቭ ሲላላ ጥርሱን ያፋጫል፤
ቺንጋ ሲያረጅ ጠዋት ጠዋት እንደ ድመት ግልገል ይጮኻል፤
ካንዴላ ሲደክም አንዱን ምት ይዘላል፣
ትምህርት እንደሚፎርፍ ልጅ፣ ወጥቶ፣ ዞሮ ዞሮ ይገባል።
የጋራዡ ጌታ ኩንሂ፣ ማሽን ገዝቶ ግድግዳ ላይ ቢሰቅልም፣
የጨነቀው ቀን «ሸምሱን ጥሩ» ይላል፤ ማሽኑን አይነካም።

ታዲያ ባለፈው ሐምሌ መጣች፤
ነጭ፣ ማርሚታ የሌላት፤
እንደ ዓሣ ተንሸራታ ከፊቴ ቆመች።
ፍሪሲዮን የለ።
ካምቢዮ የለ።
የዘይት ሽታ የለ።
ኮፈኗን ብከፍተው ሞተር ባለበት ቦታ
አንድ እግር የልጅ ጫማ አለ።

ባለቤቷ ሞዛ፣ የኬሚስትሪ መምህርት ናት፣ ከኮርፋካን፤
«ድምፅ አለ» አለችኝ፣ «ኩባንያው አልሰማም፣ ኮምፒውተሩም ‹ደህና ናት› አለን።
ልጄ ግን ከኋላ ወንበር ሆኖ
‹ጢንዚዛ ነው› ይለኛል ሁልጊዜ፣ ጆሮውን አቅንቶ።»

ነዳጅ በሚፈልቅበት ምድር ነዳጅ ያልቀመሰች
ጆሮዬን በጡረታ ልታሰናብት መጣች፣
አልኩ በሆዴ። አርባ ስምንት ዲግሪ ነው፤ ላቤን
ከነጭ ቆዳዋ ላይ ጠብ ጠብ ሲል አየሁ፤
እሷ መንደድ ትታ፣ ነዳጅ እኔ ቀረሁ።

ያዝኩና መሪዋን፣ ወጣሁ በመሊሓ መንገድ።
ምንም። ነፋስ ብቻ። በአስፋልቱ ላይ አሸዋ ሲሄድ።
ያ የዕድሜዬ ጫጫታ በሌለበት ቦታ
የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፤
ያፏጫል ትንሽ ትንሽ፣ እንደ ተበሳ ማርሚታ።
ከዚያ፣ ከፊት፣ በቀኝ በኩል፣
ጢ… ጢ… ጢ…
ኩሽኔታ!

በጩኸቱ ዘመን ይሄ ድምፅ ተውጦ ይከርም ነበር፤
ቸርኬው ሲነቀል ነበር፣ ሰው ሲጎዳ፣ የምንሰማው ነገር።
ዝምታዋ አሳበቀበት። አንጓው ላይ አስደገፍኩ ካቻቢቴዬን፣
እንደ ድሮው ጨፈንኩ ዓይኔን።

ኩንሂ «ስንት እንበላት?» አለኝ። «የኩሽኔታውን ዋጋ።»
«የጆሮህስ?» አለ።
ሳቅኩ፤ መልስ ግን አልሰጠሁም። የሞዛ ልጅ ሮጦ መጣ፤
«ጢንዚዛው ሞተ ወይ?» አለኝ።
በመዳፉ አኖርኩለት፣ ጥቁር፣ ቅባታም፣ የላላ።
ጆሮው ላይ አስጠግቶ ነቀነቀው።
እናቱ ስለ ልብሱ ጮኸች፤ እሱ አልሰማትም፤
ሌላ ነገር እየሰማ ነው።

አሁን ማታ ማታ ደብተር ይዤ አል ናህዳ እማራለሁ።
አስተማሪዬ የኔፓል ልጅ ነው፤ ከልጄ ያንሳል፣ እታዘዘዋለሁ።
ስሙ ቢሻል ይባላል።
በኛ ቋንቋ ምኞት እንደሆነ
አልነገርኩትም፤ ይስቅብኛል።

«ብርቱካናማው ገመድ ሞት ነው» ይላል፤ «ኃይሉን ቁረጥ፣ ራቅ በል፤
ውስጡ የቀረው እስኪወጣ ጠብቅ። አትንካ። ዝም በል።»
ጎረምሶቹ ሰዓት ያያሉ፣ ይቁነጠነጣሉ፣
ስልክ ይነካካሉ።
እኔ እጄን አጣምሬ እቆማለሁ።
ሌላውን ሁሉ ገና ልማር ነው፤
ይህችን ግን፣ ዝም ማለቷን፣
ጋሽ ሽኩሮ ቀድሞ አስተምሮኛል።