ቧንቧው ሲተነፍስ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ
ስልኬ ተንጫረረ፣ ድምጿ ተሰማ፤
«ይቅርታ ኢሶጂ፣ ከእንቅልፍ አባነንኩህ፣
ውሃው እምቢ ብሎኝ ነው የደወልኩልህ።»

አሳሂካዋ ነው፤ ወሩም ጥር አጋማሽ፣
ጢም ላይ የሚጋገር ከአፍ የወጣ ትንፋሽ፤
ሙቀት ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት ወርዶ
የመኪናዬ በር ተጣብቋል በበረዶ።
መፍቻና ፎጣዬን ከኋላ ወርውሬ
ነዳሁ፣ የጫማዬን ክር መንገድ ላይ አስሬ።

ፉሚኖ ከወጥ ቤት፣ ካፖርት ደርባ ቆማ፣
የፈላ ማንቆርቆሪያ ቧንቧው ላይ አጋድማ።
«ተይው!» ብዬ ጮህኩኝ፣ አንቱታውን ረስቼ፤
በዚህ ስህተት ብቻ ስንት ቱቦ ቀይሬያለሁ ቆርጬ አውጥቼ።
«የበረደ ብረት የፈላ ሲነካው
ይሰነጠቃል እንጂ አይፈታም በረዶው።
ለብ ያለ ውሃ ነው፣ በፎጣ ጠቅልሎ፣
ከአፉ ወደ ኋላ፣ ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ።»

ተንበርክኬ ሳፈስ አንድ ነገር ገረመኝ፤
ንዝህላል አይደለችም፣ ቤቷን አውቃለሁኝ።
የመጥበሻ ዘይት ፍሳሽ ውስጥ አትደፋም፣
በአሮጌ ጋዜጣ መጥጣ ነው የምትጥል፤
የመታጠቢያውን ወንፊት ፀጉሩን ለቅማ
ሐሙስ ሐሙስ በብሩሽ የምትፈትግ።
ጠብ ጠብ የሚል ጎማ በሷ ቤት ሁለት ሌሊት አያድርም።
ታዲያ ይሄን እንዴት?

ከማቀዝቀዣው ጎን ወረቀት አለ፣
ጠርዙ ቢጫ የሆነ፣ የሺገዞ የእጅ ጽሑፍ፦

ከመተኛት በፊት።
ዋናውን እጀታ ወደ ማፍሰሻ አዙር።
ቧንቧዎቹን ሁሉ ክፈት፣ አየር ይግባ።
የመጸዳጃውን ውሃ ልቀቅ፣ ሣጥኑ ባዶ ይሁን።
(የልብስ ማጠቢያውን አትርሳ! ባለፈው ረስተሃል።)
ጠዋት፣ ቧንቧዎቹን ዝጋ፣ ከዚያ ብቻ እጀታውን መልስ፣
አለዚያ ወለሉ ባሕር ነው።

ወረቀቱን ሳነብ አየችኝ ፉሚኖ።
«እጀታው የት እንዳለ አውቃለሁ» አለች፣ ዓይኗን ሳትሰብር።
«አርባ ክረምት ሰምቼዋለሁ።
እሱ ያዞረዋል፣ ቧንቧው ይተነፍሳል፣
እንደ ደከመ ሰው ጉሮሮው ያንኮራፋል፤
ከዚያ መብራት ይጠፋል፣
ከዚያ አልጋው በአንድ ጎን ዝቅ ይላል።
ያንን ድምፅ ብሰማ
ዘወር ብዬ ‹መጣህ?› እላለሁ ብዬ ፈራሁ።»

እኔ ለማጽናናት አልተፈጠርኩም፤
የማውቀው ውሃን ነው፣ ሌላ አልተማርኩም።
«ቆሞ ያደረ ውሃ ይጠነክራል» አልኳት፣
«ቦታ ሲጠበው ነው የሚሰብረው ቤት።»
ስለ ቧንቧ ነበር የተናገርኩት፣
እሷ ዝም ስትል ግን
ስለ ምን እንደሆን ለኔም ተምታታብኝ።

ከዚያ ቧንቧው ሳለ። አንዴ። ዝገት የቀላው
ጉርሻ የምታህል ውሃ ተፋ፣
ደግሞ ዝም አለ፣ ደግሞ መጣ፣
ወፍራም፣ ቀዝቃዛ፣ ሳይቋረጥ።
መጋጠሚያዎቹን በደረቅ ወረቀት ዳበስኩ፤
አንዱም አልረጠበም። ዕድል ነው፣ ሌላ ምን ይባላል።
ባዶውን ቱቦ በስፖንጅ አለበስኩ፣
እጀታውን አሳየኋት፣ የምታውቀውን፣
እሷም እንደማታውቅ ሆና አየችልኝ።
ሂሳብ ስትጠይቀኝ የፎጣውን ብቻ አልኳት፤
ፎጣው የኔ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።

በማግስቱ ምሽት፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣
ስልኬ ዳግም ጮኸ።
«አቤት» አልኩ። መልስ የለም።
ቀፎውን የሆነ ነገር ላይ ደግናዋለች፤
ሽ…ር አለ መጀመሪያ፣
ከዚያ ጉርርር፣ ከግድግዳው ሆድ፣
ከዚያ ረጅም፣ ደረቅ፣ የሚሰጥም እስትንፋስ።
ቆየን።

«አልኩት» አለች።
ምኑን ብዬ አልጠየቅኩም።
«ጠዋት ታዲያ መጀመሪያ ቧንቧዎቹን…»
«አውቃለሁ፣ አለዚያ ወለሉ ባሕር ነው» አለችና
ስልኩን ዘጋችው።